ሆዱን ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው መቼ ከአልጋው ይነሣ?

ሆዱን ኦፕራሲዮን የተደረገ ወዳጅ ለመጠየቅ ሐኪም ቤት ስንሄድ «አይዞህ፤ ተኛ፤ አትንቀሳቀስ» እንላለን። የዚህን ምክር ታሪክ ጥቂት እናውጋችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1809 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ግዛት፣ ጄን ቶድ ክሮፎርድ የሚባሉ ወይዘሮ ሆዳቸው እየገፋ ስለ ሄደ እርጉዝ ናቸው ተብለው ነበር። ዶክተር ኤፍሬም ማክዳውል ግን መርምረው ነገሩ በእንቁላል ዕጢ ላይ የበቀለ ዕባጭ መሆኑን ዐወቁ። ወይዘሮዋም 60 ማይል ያህል በፈረስ ተጉዘው ሐኪሙ ወደሚኖሩበት ወደ ዳንቪል መጡ። ማደንዘዣ የሚባል ነገር ገና አልተገኘም። ሆዳቸው ተከፍቶ ከ10 ኪሎ የሚበልጥ ዕባጭ እስኪወጣ 25 ደቂቃ ያህል ፈጀ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ መዝሙረ ዳዊት ይደግሙ ነበር ይባላል።

በ5ኛው ቀን ሐኪሙ ሊያዩአቸው ቢገቡ፣ ወይዘሮዋን አልጋቸውን ሲያነጥፉ አገኟቸው! እጅግ ተደንቀው፣ ለወደፊቱ እንዲጠነቀቁ ገሠጿቸው። በ25ኛው ቀን ወይዘሮዋ በደኅና ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ተግሣጹ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የሐኪሞች ልማድ ሆኖ ኖረ። በ1846 ዓ.ም. ዊልያም ሞርተን በቦስተን ኤተርን ካሳዩ ወዲህ በቢላዋው ጊዜ የነበረው ሥቃይ ቀረ፤ ከነቁ በኋላ የሚመጣው ግን አልቀረም። ለዚህ የሚሰጠው ሞርፊን ሥቃይን ቢያስታግሥም አንጀትን ያሰንፋል፤ ሲበዛም ትንፋሽን ያደክማል። በሽተኛውም ስፌቱ እንዳይተረተር ተብሎ ሳምንታት በጀርባው ይተኛ ነበር። ጉዳቱ ከዚህ ላይ ነው። ሆዱን የሚያመው ሰው በጥልቅ አይተነፍስም፤ አያስልም፤ ስለዚህ አክታው ተጠራቅሞ የሳንባ ምች ያመጣል። ባልተንቀሳቀሰ እግር ውስጥ ደግሞ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ የሄደ እንደ ሆነ፣ ቁስሉ ድኖ ነገ ይወጣል የተባለው ሰው በድንገት ይሞታል።

በ1899 ዓ.ም. በቺካጎ ኤሚል ሪስ የተባሉ ሐኪም በሽተኞቻቸውን ቶሎ ከአልጋ ማስነሣታቸውን ቢጽፉም ብዙ ሰሚ አላገኙም። ልማዱ በእጅጉ የተናወጠው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ አልጋና አስታማሚ ሲያንስ ነው። በ1990ዎቹም በዴንማርክ ዶክተር ሄንሪክ ኬህሌት ነገሩን ከሥሩ መረመሩት። ሥቃዩን በጀርባ አጥንት በኩል በሚሰጥ ማደንዘዣና ሞርፊን ባልሆኑ መድኃኒቶች እያበረዱ፣ በሽተኛውን ቶሎ ያስነሡት፣ ቶሎም ያበሉት ጀመር። አንጀታቸው ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰዎች በ2 ወይም በ3 ቀን ወደ ቤታቸው ሄዱ። በእኛ ዘንድ ሥቃይን ችሎ ዝም ማለት እንደ ጨዋነት ይቆጠራል፤ ነገር ግን ሥቃዩን ለሐኪሙ ያልተናገረ በሽተኛ ለመሳልም ሆነ ለመራመድ አይችልም።

ወይዘሮ ክሮፎርድ ከኦፕራሲዮናቸው በኋላ 32 ዓመት ኖረው በ1842 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ኤተር በቦስተን ከመታየቱ 4 ዓመት አስቀድሞ መሆኑ ነው።