ከጠገራ ብር እስከ ወለድ አልባ ባንክ፦ ሰው ገንዘቡን የሚያምነው ለማን ነው?



ወጣቶች ስለ ወለድ አልባ ባንክ ሲከራከሩ ሁለት ንግግር ደጋግመን እንሰማለን። አንዱ «ያው ነው፤ ስሙን ቀየሩት እንጂ» ይላል። ሌላው «ሐላል ነው ተብሏል፤ ምን ታካብዳለህ?» ብሎ ይዘጋዋል። የተጣሉ ይመስላሉ፤ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም ውሉን ሳያነቡ ነው የሚከራከሩት። ዛሬ ፈትዋ ልንሰጥ አልተነሳንም፤ እሱ የዑለማዎቻችን ሥራ ነው። እኛ ማየት የፈለግነው ታሪኩን ነው። ሰዎች ገንዘባቸውን ለአዲስ ነገር አምነው የሰጡት በምን ምክንያት ነበር?

ከሶሓባዎች ዘመን እንጀምር። ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረዲየላሁ ዐንሁ) ዘንድ ሰዎች ገንዘባቸውን ሊያስቀምጡ ይመጡ ነበር። እርሳቸው ግን በአማና አይቀበሉም። ይጠፋብኛል ብለው ስለሚሰጉ ብድር ይሁን ይሉ ነበር። ይህ ትንሽ ልዩነት እንዳይመስላችሁ። አማና የተቀበለ ሰው ያለ ጥፋቱ ቢጠፋበት አይከፍልም፤ ተበዳሪ ግን ጠፋም አልጠፋም ከፋይ ነው። ብድር በመሆኑም ገንዘቡን ሊሠሩበት ይችላሉ። ኢማሙል ቡኻሪ እንደዘገቡት ዙበይር ሲሞቱ ዕዳቸው 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ደርሶ ነበር። ልጃቸው ዐብደላህ ዕዳውን ከከፈሉ በኋላ እንኳን ውርሱን ለማከፋፈል አልቸኮሉም፤ አራት ዓመት ሙሉ በየሐጁ ወቅት ዙበይር ላይ ገንዘብ ያለው ይምጣ እያሉ አስጠሩ። ሱብሓነላህ! አስቀማጩ የሚያውቀው ሰው ነበረ፣ ውሉም ግልጽ ነበረ፣ ባለቤቱ ከሞተ በኋላም የሚጠየቅ ወራሽ ነበረ። ዛሬ በብዙ ወለድ አልባ ባንኮች ያለ ትርፍ የሚቀመጥ ገንዘብ የሚቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ ባንኩ ይሠራበታል፣ ሙሉውን የመመለስ ግዴታም አለበት።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ባንክ የአቢሲንያ ባንክ ነው። በአፄ ምኒልክና በግብፅ ብሔራዊ ባንክ መካከል እ.ኤ.አ. በ1905 በተደረገ ስምምነት ተቋቁሞ በ1906 ሥራ ጀመረ። በኋላ የወረቀት ገንዘብ ሲያወጣ ግን ገበያው ፊቱን አዞረ። ነጋዴውም ገበሬውም የሚፈልገው የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ነበር። ጠገራውን ያንኳኳዋል፣ ድምፁን ይሰማል፣ የንግሥቲቱን ጌጥ ነጠብጣብ ሳይቀር ይመረምራል። ወረቀቱን በምን ይፈትሸው? አንዳንዶች ይህንን «ሕዝቡ ኋላ ቀር ስለነበር» ብለው ያልፉታል። እኛ አንስማማም። በእጁ ሊፈትሸው የሚችለውን ትቶ የማይችለውን አለመቀበል የነጋዴ ጥንቃቄ ነው።

አሁን ወደዚያው የግብፅ ምድር እንሂድ፤ የዘመናዊው ወለድ አልባ ባንክ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከዚያ ነውና። በናይል ደልታ፣ በደቀህሊያ አውራጃ ሚት ገምር የምትባል ከተማ አለች። ዶክተር አሕመድ አን-ነጃር ጀርመን ተምረው የመጡ የኢኮኖሚ ባለሙያ ነበሩ። እዚያ ያዩት የከተሞች የቁጠባ ባንክ ማረካቸው፤ ከሰፈሩ ሰው ትንሽ ትንሽ ሰብስቦ መልሶ ለዚያው ሰፈር ሰው የሚያበድር ባንክ። የአገራቸው ገበሬ ደግሞ ባንክ አይረግጥም። ያለውን ቤቱ ይደብቃል ወይም ወርቅ ይገዛበታል። ባንክ ለእርሱ የሀብታምና የመንግሥት ቤት ነው፤ በዚያ ላይ ወለድ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1963 የሚት ገምር ባንክ ተከፈተ። ወለድ አይከፍልም፣ ወለድም አይቀበልም። የቁጠባ ሂሳብ የከፈተ ሰው ገንዘቡን በፈለገ ጊዜ ያወጣል፤ ሲቸግረው ደግሞ ትንሽ ብድር ያለ ወለድ የማግኘት መብት አለው። በኢንቨስትመንት ሂሳብ ያስቀመጠ ከሥራው ትርፍ ይካፈላል፣ ከከሰረም ኪሳራውን። ሦስተኛው የዘካ ሂሳብ ነበር።

ልብ በሉ! በሩ ላይ «ኢስላማዊ» የሚል ቃል አልነበረም። ጊዜው የገማል ዐብዱናስር ነበር፤ ሃይማኖታዊ ስም ያለው ተቋም በጥርጣሬ ስለሚታይ ነጃር ዝም ማለትን መረጡ። ታዲያ ያ የሚጠራጠር ገበሬ ስሙ ሳይነገረው ለምን መጣ? የባንኩ ሠራተኞች ቢሮ ቁጭ ብለው አልጠበቁትም፤ ወደ ሰዉ ወጥተው በራሱ ቋንቋ ያስረዱት ነበር። ከዚህ የበለጠው ግን በዓይኑ ያየው ነው። ጎረቤቱ ብድር አግኝቶ የልብስ ስፌት መኪና ሲገዛ፣ ሌላው የእርሻ ከብት ሲገዛ፣ አንዱ የፈረሰ ቤቱን ሲጠግን አየ። እንደኛ እቁብ ማለት ነው። እቁብ ማስታወቂያ አያስፈልገውም፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ራሱ ማስታወቂያ ነው።

ቁጥሩ ይናገራል። በመጀመሪያው ዓመት አስቀማጮቹ ከ17 ሺህ ብዙም የማይበልጡ ነበሩ፤ በአራተኛው ዓመት ከ250 ሺህ በላይ ደረሱ። ቅርንጫፎቹም ዘጠኝ ሆኑ።

ያሳዝናል፣ ዕድሜው አጭር ሆነ። በ1967 ባንኩ ከነጃር እጅ ወጥቶ በግብፅ ብሔራዊ ባንክና በማዕከላዊው ባንክ ሥር ገባ፤ ሥራውም ወደ ወለድ ተመለሰ። (የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ማለት ያው የአቢሲንያን ባንክ ያቋቋመው ነው።) መንግሥቱ ሐሳቡን መልሶ ያነሳው በ1971 የናስር ሶሻል ባንክን ሲያቋቁም ነው። በ1975 የዱባይ ኢስላማዊ ባንክና የኢስላማዊ ልማት ባንክ ተከተሉ።

በዚያው በ1963 ማሌዢያ ውስጥ የሐጅ ቁጠባ ተቋም ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ዛሬ ታቡንግ ሐጂ ይባላል። የማሌይ ገበሬ ለሐጅ ብሎ ገንዘቡን ቤቱ ይቀብር ነበር፣ መሬቱንና ከብቱን ሸጦ ሄዶ ሲመለስ ባዶ እጁን ይቀር ነበር። ኡንግኩ ዐዚዝ የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁር ይህን አይተው በ1959 ሐሳቡን አቀረቡ። ሲጀመር አባላቱ 1,281 ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ በሚሊዮን ይቆጠራሉ። እዚያም ሰውን የሳበው የሚያውቀው ነገር ነው። ማንም ሐጅ ምን እንደሆነ ሊያስረዳው አላስፈለገም።

የኛ አገር ጉዞ ግን በተቃራኒው በኩል ነው የሄደው። ለዓመታት ብዙ አባቶቻችን ባንክ የሚያስቀምጡት ተቸግረው ነው። ወለዱን አታስቡልኝ የሚሉ ነበሩ፣ የታሰበላቸውን አውጥተው ለድሃ የሚሰጡ ነበሩ፣ ጭራሽ የማይቀርቡም ነበሩ። በ2000 ዓ.ም የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592 በሩን ገርበብ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2011 የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ወጣ፤ ግን የፈቀደው ወለድ የሚሠሩት ባንኮች በመስኮት እንዲያገለግሉ ብቻ ነው። ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ የሆነ ባንክ ለመክፈት አክሲዮን ሲሸጡ የነበሩት የዘምዘም ባንክ አደራጆች ባሉበት ቆሙ። በ2013 ኦሮሚያ ኢንተርናሽናልና ንግድ ባንክ አገልግሎቱን ጀመሩ፣ ሌሎችም ተከተሉ። በ2019 ለሙሉ ባንክ ተፈቀደ፤ በ2021 ዘምዘምና ሂጅራ በራቸውን ከፈቱ። አልሐምዱሊላህ።

እንግዲህ እዚህ አገር ስሙ ቀድሞ መጣ። ሰዉ «ወለድ አልባ» የሚለውን ቃል ሲጠብቅ ስለኖረ ቃሉን እንዳየ ገንዘቡን ይዞ ገባ። ተቀማጩ በፍጥነት አደገ። ሌላው ግማሽ ግን፣ ማለትም ከባንኩ ወደ ሰዉ የሚወጣው ፋይናንሲንግ፣ ወደ ኋላ ቀረ። ሚት ገምር ላይ ገበሬው መጀመሪያ ያየው የጎረቤቱን ስፌት መኪና ነበር፤ የኛ ወጣት ግን የሚያየው የሂሳብ ደብተሩንና የስልክ አፑን ነው። በሙራበሓ ማሽን የገዛ ጎረቤት ስንቶቻችን እናውቃለን? «ያው ነው» የሚለው ንግግር የሚበቅለው ከዚህ ክፍተት ይመስለናል።

ንግግሩ ራሱ አዲስ አይደለም። ሱረቱል በቀራህ 275ኛው አንቀጽ ላይ ሪባ የሚበሉ ሰዎች ንግድን ከሪባ ጋር እንዳመሳሰሉት ተነግሮናል፤ አላህም ንግድን ፈቅዶ ሪባን ከልክሏል። ልዩነቱ ያለው ውሉ ውስጥ ነው። እንበልና አንድ ወጣት 400 ሺህ ብር የሚያወጣ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ፈለገ። ወለድ ያለው ባንክ ብሩን ያበድረዋል፣ ወለዱን ይቆጥራል። በሙራበሓ ግን ባንኩ ማሽኑን መጀመሪያ ለራሱ ይገዛል፣ ይረከባል፣ ከዚያ ዋጋውንና ትርፉን ነግሮት 460 ሺህ ብር ብሎ በክፍያ ይሸጥለታል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ወጣቱ ቢዘገይም አይጨምርም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰው በእጁ የሌለውን እንዳይሸጥ ከልክለዋልና መሐል ላይ ያለችው የመረከብ ደረጃ ከተዘለለች ቀሪው ወረቀት ብቻ ነው።

ስለዚህ ባንክ ስትሄዱ ወረፋ ላይ የማያሳፍር አንድ ጥያቄ አለ። ባንኩ ማሽኑን ገዝቶ፣ ገና ለእኔ ሳይሸጥልኝ መጋዘን ውስጥ ቢቃጠል ኪሳራው የማን ነው? ሠራተኛው መልሱን ውሉ ላይ በጣቱ ያሳያችሁ። ግልጽ ካልሆነላችሁ የውሉን ቅጂ ይዛችሁ ወደ መስጂዳችሁ ኡስታዝ ጎራ በሉ።

ወላሁ አዕለም።