የሚዘጋና የማይዘጋ ሒሳብ

ዛሬ ከየካ ሽቅብ ስትመለከቱ የሚታያችሁ የእንጦጦ ተራራ በ1870ዎቹ ዓመተ ምሕረት የንጉሥ ምኒልክ መናገሻ ነበር። በዚያን ዘመን ባላገሩ እህልና ማር ግብር ያገባ ነበር፤ ንጉሡም ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ ግብር ያበሉ ነበር። በቋንቋችን ግብር የገቢውም የወጪውም ስም መሆኑን ልብ በሉ። ከሁለቱ ግብሮች በኋላ ለከርሞ የሚሻገረው በጎተራ የተረፈው ብቻ ነው።

የሒሳብ መዝገብም የሚለየው ይህንኑ ነው። ገቢና ወጪ የአንድ ዓመት ታሪክ ስለ ሆኑ ጊዜያዊ ሒሳብ ይባላሉ። ሀብት፣ ዕዳና ካፒታል ግን ከዓመት ወደ ዓመት ስለሚሻገሩ ቋሚ ሒሳብ ይባላሉ። ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1494 ዓ.ም. በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ገቢና ወጪ በትርፍና ኪሣራ ሒሳብ ተዘግተው ውጤታቸው ወደ ካፒታል እንዲዛወር አስተምሯል።

የመንግሥታችን የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይፈጸማል። በዚያ ቀን ጊዜያዊው ሒሳብ ሳይዘጋ ቢቀር፣ የአምናው ገቢ ከዘንድሮው ጋር ተደምሮ ያልተሰበሰበውን እንደ ተሰበሰበ ያስመስላል። በዚህ ቁጥር ተመክቶ ወጪ የሚያዝ ሹም ባዶ ጎተራ ይገጥመዋል።

መዝጋት ግን መሰረዝ አይደለም፤ የዓመቱ ትርፍ ወይም ጉድለት በቋሚው ሒሳብ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ሐምሌ 1 አዲስ ገጽ ስትገልጡ ገቢና ወጪ ከዜሮ ይጀምሩ፤ ጎተራው ግን ያደረውን ይዞ ይቀጥል።