ተረቱን ወረቀት ላይ ያኖሩት ወይዘሮ

እ.ኤ.አ. በ1894 ከምጽዋ አጠገብ በምትገኘው እምኩሉ፣ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ማተሚያ ቤት ለጀማሪዎች የሚሆን የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አወጣ። ጽሑፉ በግዕዝ ፊደል ነው። ሕዝቡ ማታ ማታ እሳት ዳር የሚጫወታቸው ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ገብተውበታል። እነዚህን የሰበሰቡት አስቴር ጋኖ ናቸው። ያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነበሩ።

ስለ እኚህ ሴት እንድጽፍ የገፋፋኝ ከእምኩሉ እጅግ የራቀ የሚመስል ጉዳይ ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ ከቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ተነስቶ ልብ ወለድ መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ቆይቷል። ከእነዚህ ውስጥ በተለይ መናፍስት፣ ጠንቋዮችና ደም መጣጭ ሙታን የሚመላለሱባቸው ድራማዎች ብዙ መጻሕፍት ወልደዋል። "ሱፐርናቹራል" የተባለውን እንውሰድ። ሁለት ወንድማማቾች በመኪና አገር ለአገር እየዞሩ ርኩሳን መናፍስትን ያድናሉ። ከ2005 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. 15 ምዕራፍ፣ 327 ክፍል ታይቷል። ከ2007 ጀምሮ በተለያዩ ደራሲዎች የተጻፉ ልብ ወለዶች ተከትለውታል። የድራማው ፈጣሪ ኤሪክ ክሪፕኪ መነሻው ያደረገው በየከተማው ሰው ለሰው የሚተላለፈውን አስፈሪ ወሬ ነው። እንግዲህ ከሰው አፍ የወጣ ታሪክ ወደ ቴሌቪዥን መስኮት ገባ፣ ከመስኮቱ ደግሞ ወደ ወረቀት ተሻገረ ማለት ነው።

ከእሱ የሚቀድመው "ዳርክ ሻዶውስ" ነው። ይህ ድራማ በ1966 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፣ መጽሐፉም እዚያው ዓመት ላይ ደረሰ። "ማሪሊን ሮስ" በሚል ስም 32 ልብ ወለዶች ወጥተውለታል። ጸሐፊው ግን ዊልያም ኤድዋርድ ዳንኤል ሮስ የሚባል ካናዳዊ ወንድ ነበር፤ ማሪሊን የሚስቱ ስም ነው።

ብዙ ተቺዎች እንዲህ ዓይነቱን መጽሐፍ የቴሌቪዥን ትርፍራፊ ያደርጉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። የእንግሊዙን ቢቢሲ እንይ። "ዶክተር ሁ" የተባለውን የጊዜ ተጓዥ ድራማ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያሳይ ኖሮ፣ ካሴቱን ለሌላ ሥራ ለማዋልና ቦታ ለመቆጠብ ሲል የቀደሙትን ክፍሎች በብዛት አጠፋ። ከ90 በላይ የሆኑት ዓመታት አልፈውም ሊገኙ አልቻሉም። ድራማውን በልጅነታቸው ያላዩ አንባቢዎች ታሪኩን ያገኙት በርካሽ ዋጋ ከሚሸጡት ትንንሽ መጻሕፍት ነው። ቴራንስ ዲክስ የተባለው ጸሐፊ ብቻውን ከ60 በላይ ጽፏል። ምስሉ ሲጠፋ ታሪኩን ያቆየው ያ የተናቀ መጽሐፍ ነበር።

ለእኛ አገር ይህ ጉዳይ ቅርብ ነው፤ ምክንያቱም የእኛ ተረት ያለ ካሴትና ያለ ወረቀት በጆሮ ብቻ ብዙ ዘመን ኖሯል። ለምሳሌ ከነቀምቴ ወደ ሰሜን፣ ሞቃቱ የአንገር ሸለቆ ውስጥ ያለችው አንገር ጉቲን በደርግ ዘመን ሰፈራ የተካሄደባት ከተማ ናት። ከሰሜኑ የአገራችን ክፍል የመጡ አማርኛ ተናጋሪዎችና የአካባቢው ኦሮሞዎች ጎን ለጎን ኖረውባታል። በአንዱ ቤት ሰው የሚበላው ፍጡር ጭራቅ ነው፤ በሌላው ቤት ቡልጉ ነው። በአማርኛው ቤት ተራኪው "ተረት ተረት" ሲል ልጆቹ "የላም በረት" ብለው ካልመለሱ ተረቱ አይጀመርም። እንቆቅልሽ ሲሆን ያልቻለ ልጅ "አገር ስጠኝ" ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ነቀምቴን ይሰጣል፤ ጠያቂው በተሰጠው አገር እየተዘባነነ ተሸናፊውን ካሾፈበት በኋላ ነው መልሱን የሚነግረው። ይህ ሁሉ ሲታተም ይቀራል። ከወረቀት ላይ ጭራቁን ማግኘት ይቻላል፤ ልጁ ፈርቶ አያቱ ጉያ ውስጥ ሲሸጎጥ ግን አይታይም።

አስቴር ጋኖ ይህን ኪሳራ እያወቁ ነው የሠሩት ብዬ አምናለሁ፤ ከማንም በላይ የሚያውቁበት ምክንያት ነበራቸውና። ገና ልጅ ሳሉ ለባርነት ተዳረጉ። በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ከወደቁ በኋላ ወደ ዓረብ አገር ሊሸጡ በጀልባ ሲወሰዱ፣ በ1886 እ.ኤ.አ. የጣሊያን መርከቦች ጀልባዋን ይዘው ነጻ አወጧቸው። ከዚያ እምኩሉ ትምህርት ቤት ገቡ። ይዘውት የመጡት ሀብት በልጅነት የሰሙትን ብቻ ነበር።

እዚያ ያገኟቸው ኦኔሲሞስ ነሲብም ከኢሉባቦር የተነጠቁ ናቸው። እሳቸው ግን የተወሰዱት በአራት ዓመታቸው ገደማ ስለሆነ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ጠልቀው ለመማር ጊዜ አላገኙም። በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነጻ ወጡ፣ ስዊድን ተልከው ተማሩ፣ ተርጓሚም ሆኑ። የኦሮምኛን ስውር ስፌት፣ ሽሙጡንና ቅኔውን በጆሮዋ ይዛ ያደገችውን ወጣት ባገኙ ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንዳገኙ ወዲያው ገባቸው። መጀመሪያ የሰጧቸው ሥራ ቃላት መሰብሰብ ነበር። ያ የቃላት ስብስብ በ1893 እ.ኤ.አ. ለታተመው የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን ማቃኛ ሆነ። ቀጥለው አስቴር 500 ያህል እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ጻፉ፤ ብዙዎቹም በ1894ቱ መጽሐፍ ወጡ። በ1899 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ የታተመው ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ያለ እሳቸው ድካም የሚታሰብ አልነበረም። ይሁንና ስለዚያ ዘመን ሲወራ ዛሬም ቀድሞ የሚነሳው የኦኔሲሞስ ስም ነው። የካናዳዊው ሮስ ሚስት ሳትጽፍ ስሟ ሽፋን ላይ ወጣ፤ የእኛይቱ አስቴር ግን ጽፈው ስማቸው ከኋላ ቀረ። ይህ መታረም አለበት።

አስቴርና ኦኔሲሞስ በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ ገቡ። ነቀምቴ ላይ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳ ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ አስቴርም አስተማሪ ሆኑ። ከቀይ ባሕር ዳር የታተመው ተረት ለወለጋ ልጆች የማንበቢያ ትምህርት ሆነ። ይህ ሲሆን ሥራው ያለ ፈተና አልሄደም፤ ከካህናት ክስ ቀረበ፣ ኦኔሲሞስም ለረጅም ጊዜ እንዳይሰብኩ ታገዱ። ነቀምቴ እስከ ሞቱበት እስከ 1931 እ.ኤ.አ. ድረስ ቤታቸው ሆና ቆየች።

ከዚያ በኋላ መንገዱ በአገራችን ወዲያና ወዲህ ሄዷል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ "ፍቅር እስከ መቃብር" ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርኩት፣ ማንበብ የማይችለው አገሬው ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ዘመዶቹ አደረጋቸው። ይህ ከመጽሐፍ ወደ ጆሮ ነው። አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሳህሉ፣ ደግሞ ከአስቴር ጋር በአንድ አቅጣጫ ሄዱ። በቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ "ጤና ይስጥልኝ ልጆች" እያሉ ሲተርቱ ኖረው ተረቶቻቸውን በመጽሐፍ አሳተሙ። እንደ እኔ ግምት የኢትዮጵያ ልጆች ከመስኮቱ ላይ ሰምተው ኋላ በእጃቸው የያዙት ተረት ይህ ነው፤ በውጭ አገር የድራማ ልብ ወለድ ከሚባለው ጋር በቅርብ የሚዛመደውም እሱው ነው።

አስቴር ጋኖ ያረፉት በ1964 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረውም በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት፣ በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነበር። ዛሬ በአማርኛም በኦሮምኛም ተረት የሚያቀርቡ ጣቢያዎች አሉ። የሚተረተው በካሜራ ሲቀረጽ፣ የተራኪው ስም፣ የተሰማበት ቀበሌና ዓመቱ አብሮ ተጽፎ በየዓመቱ አንድ መጽሐፍ ይውጣ። አንዲት ከባርነት ነጻ የወጣች ወጣት በአንድ የሚሲዮን ማተሚያ ቤት ይህን ከሠራች፣ ስቱዲዮና በጀት ያለው ጣቢያ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።