ከየካ ክፍለ ከተማ ተነስተው ወደ ሌሎች ከተሞች በአነስተኛ ወጪ ለሚጓዙ ዜጎች የተዘጋጀ መረጃ

የካ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ ይገኛል። ተራራው ለከተማዋ ውበት ቢሆንም ለመንገደኛው በር አይደለም፤ የረጅም ርቀት አውቶቡሶች በየካ በኩል እንጦጦን አቋርጠው ወደ ሰሜን አይወጡም። ወደ ሰሜን የሚወስዱት ሁለቱ ዋና መንገዶች ተራራውን በግራና በቀኝ ትተውት ያልፋሉ። አንደኛው በኮተቤ፣ በለገጣፎና በሰንዳፋ በኩል ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ ይዘልቃል። ሁለተኛው ከአዲሱ ገበያ በሱሉልታ አድርጎ ወደ ጎጃምና ጎንደር ያመራል። በመሆኑም የየካ ነዋሪ የጉዞ ወጪውን ሲያሰላ የትኬቱን ዋጋ ብቻ መመልከት አይበቃውም። ከቤቱ እስከ መነሻው፣ ከመድረሻውም እስከ ጉዳዩ ቦታ የሚከፍለው ገንዘብ አብሮ መደመር አለበት። ርካሽ መስሎ የተመረጠ ጉዞ በእነዚህ ሁለት ጫፎች ላይ የሚወደድበት ጊዜ ብዙ ነው።

አውቶቡስ

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የላምበረት መናኸሪያ ለክፍለ ከተማው ነዋሪ የቅርቡ መነሻ ነው። በደብረ ብርሃንና በደሴ መስመር ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም፤ ወደ መርካቶ አውቶቡስ ተራ መውረድ ጊዜና ገንዘብ ማባከን ይሆንበታል። ወደ አዳማ፣ ሻሸመኔና ሐዋሳ የሚጓዝ ግን ወደ ቃሊቲ፣ ወደ ጅማ የሚሄድ ወደ አየር ጤና፣ ወደ አምቦና ነቀምቴ የሚሄድ ወደ አስኮ መድረስ ይኖርበታል። ከመገናኛ ወደ ቃሊቲ በቀላል ባቡር መሄድ የሚፈልግ መንገደኛ ስታዲየም ላይ ወርዶ ወደ ደቡብ የሚሄደውን ባቡር መቀየር አለበት። በአሁኑ ጊዜ በሥራ ላይ ያሉት ባቡሮች በ2008 ዓ.ም. አገልግሎቱ ሲጀመር ከነበሩት ያነሱ ስለሆኑ፣ ማልዶ የሚነሳ አውቶቡስ የቆረጠ ሰው የሚጠብቅበትን ጊዜ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

የሕዝብ ማመላለሻ ታሪፍ የሚወጣው አንድ ሰው በአንድ ኪሎ ሜትር በሚከፍለው ሒሳብ ሲሆን፣ በተሽከርካሪው ደረጃና መንገዱ አስፋልት ወይም ጠጠር በመሆኑ ይለያያል። የነዳጅ ዋጋ ሲቀየር ታሪፉም ስለሚሻሻል በዚህ ጽሑፍ የብር መጠን አልተቀመጠም። ተጓዡ ግን ዋጋውን ራሱ ሊያረጋግጥ ይችላል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። በመናኸሪያው የተለጠፈው የደረጃው ታሪፍ በዚህ ርቀት ሲባዛ ትክክለኛው ክፍያ ይገኛል። ከዚህ በእጅጉ የበለጠ የተጠየቀ ሰው አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት ለመናኸሪያው የስምሪት ሠራተኞች ማመልከት ይኖርበታል። መኪናው ከግቢው ከወጣ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ የሰሌዳ ቁጥርና ትኬት ካልተያዘበት ብዙም አያስኬድም።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ከመናኸሪያ ውጭ በሚሳፈሩት ላይ ነው። በመገናኛ አካባቢ፣ በኮተቤና በለገጣፎ መውጫ ላይ «ደሴ፣ ደብረ ብርሃን» እያሉ የሚጣሩ ደላሎች መንገደኛውን ወደ አባዱላና ሚኒባስ ሲጎትቱ ይታያል። ሰልፍ መቆም የሰለቸው ሰው ፈጥኖ ለመድረስ ሲል ይገባል። ታሪፉ የሚወሰነው ግን በደላላው አፍ ነው፤ ትኬት አይቆረጥም፤ በትርፍ የተጫነ ሰው ከጉልበቱ በታች ሌላ ሰው አስቀምጦ ሊሄድ ይችላል። አደጋ ቢደርስ ደግሞ መንገደኛው በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ተሽከርካሪ እንደተሳፈረ የሚያስረዳ ወረቀት በእጁ የለም። ትኬት የመንገዱ ብቻ ሳይሆን የመብቱም ማስረጃ ነውና እስከ ጉዞው ፍጻሜ ድረስ መጣል የለበትም።

ደሴን የመሰሉ ሩቅ ከተሞች የሚሄዱ አውቶቡሶች ማልደው ስለሚነሱ ትኬቱን ከዋዜማው መቁረጥ ይመረጣል። ከሌሊቱ 10 እና 11 ሰዓት ታክሲ እንደልብ ስለማይገኝ፣ ከፈረንሳይ ወይም ከእንጦጦ ግርጌ ሰፈሮች የሚመጣ ሰው ለኮንትራት መኪና የሚያወጣው ገንዘብ ከሒሳቡ መዘንጋት የለበትም። ደብረ ብርሃን ድረስ ብቻ የሚሄድ ግን ይህ አያስጨንቀውም፤ ነግቶ፣ ታክሲው በዝቶ ቢወጣም ይደርሳል። ለጫኝና አውራጅ የሚከፈለው ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ይነጋገሩበት፤ ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ የሚደረግ ክርክር ለተጓዡ አይበጅም። ከደብረ ብርሃን አልፎ የሚሄድ ሰው የጣርማ በር ብርድና ጉም ስለሚጠብቀው ጋቢውን ወይም ጃኬቱን ከዕቃው ጋር አስሮ ጣሪያ ላይ ባይሰቅለው ይሻለዋል።

መቀመጫቸው በቁጥር የተለየና ትኬታቸው ከቀናት በፊት የሚሸጥ ዘመናዊ አውቶቡሶች ዋጋቸው ከፍ ይላል። ሕፃናት፣ አረጋውያን ወይም ሕሙማን ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ ግን ልዩነቱ የሚያስቆጭ አይደለም። የመነሻ ቦታቸው ከመናኸሪያው የተለየ ሊሆን ስለሚችል በትኬቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ባቡር

«ባቡር ጣቢያ» ሲባል ብዙ ሰው አሁንም የሚያስበው ለገሃርን ነው። ስሙ ከአሮጌው የፈረንሳይ ባቡር ቀርቶ እንጂ ዛሬ በለገሃር የሚቆመው የከተማው ቀላል ባቡር ብቻ ነው። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር መንገደኞችን የሚያሳፍረው በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ከሚገኘው ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። የየካ ነዋሪ ወደዚያ ለመድረስ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ አለበት። እንደ አንድ አማራጭ በቀላል ባቡር እስከ ሜክሲኮ፣ ከዚያ በጀሞና በለቡ አቅጣጫ በሚሄድ ታክሲ መጓዝ ይቻላል።

መስመሩ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በአዋሽና በሚኤሶ አድርጎ ድሬዳዋ ይገባል። እስከ አዳማ ለሚሄድ የየካ ሰው ባቡሩ አያዋጣም፤ ወደ ለቡ ለመድረስ በሚፈጅበት ጊዜ አውቶቡሱ መንገዱን ያጋምሳል። ድሬዳዋ ለሚሄድ ግን ከፍተኛ ድካም የሚቀንስ አማራጭ ነው። አዲሶቹ ጣቢያዎች ከከተሞቹ መሀል ራቅ ብለው ስለተሠሩ ሲደርሱ የሚከፈለው የባጃጅ ሒሳብ ይታሰብ። የመንገደኞች ባቡር እንደ አውቶቡስ በየሰዓቱ የሚነሳ ባለመሆኑ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ መጠየቅ፣ ትኬት ሲቆረጥም መታወቂያ መያዝ ግድ ነው። በቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሰሞን፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረብ፣ በዚህ አቅጣጫ ባቡርም አውቶቡስም ይጨናነቃል። በላምበረት በኩል ደግሞ የግሸን ማርያም ተጓዦች መስከረም 21ን ለመድረስ የሚወጡባቸው ቀናት እንዲሁ ናቸው።

አውሮፕላን

ከመገናኛ እስከ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው መንገድ ከለቡው እጅግ ያጠረ መሆኑ ለየካ ነዋሪ ጥቅም ነው። ወደ ባሕር ዳር የሚደረገው በረራ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚፈጅ፣ አውሮፕላን በመንገድ ላይ የሚወጣውን የምግብና አንዳንዴም የአልጋ ወጪ ያስቀራል። ትኬት ቀደም ብሎ መግዛት ብዙ ጊዜ ዋጋውን ያቀለዋል። ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው የሚያርፈው ኮምቦልቻ ስለሆነ ቀሪውን መንገድ በመኪና ይጨርሳል።

ተጓዦችን ለኪሳራ የሚዳርገው አንዱ ምክንያት ግን ዋጋው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። በአውሮፕላን ትኬት ላይ የሚጻፉት ቀንና ሰዓት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። 07:00 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንጂ ከቀኑ 7 ሰዓት አይደለም፤ ከቀኑ 7 ሰዓት የሚጻፈው 13:00 ተብሎ ነው። 05:30 ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን ባለማስተዋል አውሮፕላን ያመለጠው ሰው በትኬቱ ዓይነት መሠረት ተጨማሪ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። ትኬቱን የገዛው ልጅ ወይም ዘመድ ሰዓቱንና ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፎ ለወላጆቹ ቢሰጥ ብዙ ችግር ይቀራል። በትኬቱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉም ሊታይ ይገባል።

የኪራይ መኪና

የኪራይ መኪና አራት ወይም አምስት ሰዎች ወጪውን ተካፍለው በአንድ ቀን ብዙ ቦታ ሲደርሱ ካልሆነ በቀር ርካሽ ሊባል አይችልም። ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ሄዶ በዕለቱ ለሚመለስ ቤተሰብ ግን ሊያዋጣ ይችላል። መኪናው ለኪራይ አገልግሎት የተመዘገበ መሆኑን፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ተከራዩ በዓይኑ ማየት አለበት። ነዳጅ በማን እንደሚሞላ፣ የሾፌሩ አበልና አዳር በማን እንደሚሸፈን፣ ከተወሰነው ኪሎ ሜትር በላይ ምን እንደሚከፈል፣ መኪናው ላይ ጉዳት ቢደርስ ኃላፊው ማን እንደሆነ በውሉ ላይ በጽሑፍ መስፈር ይኖርበታል። በአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ የሚሄድ ተከራይ የመንገዱን ክፍያ ከሒሳቡ ውስጥ ያስገባል።

በየትኛውም አማራጭ በመኪና ከከተማ ከመውጣት በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን በጉዞው ዋዜማ ከመናኸሪያው ወይም ከድርጅቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። በጉዞ ላይ አደጋ ቢያጋጥም ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል ይቻላል።