የሁለት ኮት ታሪክ፦ የሞርሞን ሚስዮናውያን አለባበስ ከ1830 እስከ 2020

ልብስ ገላን ከመሸፈን፣ ከብርድና ከፀሐይም ከመከላከል ያለፈ ሥራ አለው። ሰው ከየት እንደመጣ፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነና በሌሎች ዘንድ እንዴት ሊታይ እንደሚፈልግ አፉን ሳይከፍት በልብሱ ይናገራል። በተለይ እምነቱን ለሌላው ለማስተማር ከቀዬው የወጣ ሰው ከቃሉ በፊት ልብሱ ይቀድመዋል። በሩን የሚከፍትለት ሰው ስብከቱን ከመስማቱ በፊት ኮቱንና ጫማውን አይቶ ይፈርድበታል።

ይህን በግልጽ ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ በተለምዶ «ሞርሞን» እየተባሉ የሚጠሩት ሚስዮናውያን የአለባበስ ታሪክ ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ ከረባት፣ ጠቆር ያለ ሙሉ ልብስ፣ ደረት ላይ የተለጠፈ ስም ያለበት ጥቁር ባጅ፤ ሁለት ሁለት ሆነው በእግር ወይም በብስክሌት ከቤት ቤት የሚዞሩ ወጣቶች። ይህን መልክ በብዙ የዓለም ከተሞች ያየ ሰው ሃይማኖቱ ከተመሠረተበት ቀን ጀምሮ የነበረ፣ በቅዱስ መጽሐፋቸውም የታዘዘ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ ነውን? ታሪኩን ከሥሩ እንመልከት።

አስቀድመን ሁለት ነገሮችን እናስታውስ። የሃይማኖቱ ትክክለኛ መጠሪያ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ በ2018 የወቅቱ መሪ ራስል ኔልሰን «ሞርሞን» የሚለው ስም ቀርቶ ሙሉ ስሙ እንዲነገር ጠይቀዋል። እዚህ ላይ «ሞርሞን» የምንለው አብዛኛው አንባቢ በዚህ ስም ስለሚያውቃቸው ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለተኛ ኮት የተከለከሉ ሰባኪዎች

ቤተ ክርስቲያኗ የተመሠረተችው በኤፕሪል 6 ቀን 1830 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ነው። መሥራቿ ጆሴፍ ስሚዝ ያን ጊዜ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ወራት ሳይቆዩ ታናሽ ወንድሙ ሳሙኤል መጽሐፈ ሞርሞን የተሰኘውን አዲስ መጽሐፍ በሻንጣ ተሸክሞ ለስብከት ወጣ። እርሱን ተከትለው የወጡት አብዛኞቹ ገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች ሲሆኑ ብዙዎቹ ሚስትና ልጆች ያሏቸው ነበሩ። የደንብ ልብስ የሚባል ነገር አያውቁም፤ የሚለብሱት ያላቸውን ነበር።

እንዲያውም በመጀመሪያው ዘመን ስለ ልብስ የተሰጠው መመሪያ ዛሬ ከምናውቀው መልክ ጋር ፈጽሞ የሚራራቅ ነው። ስሚዝ በ1832 ከአምላክ የተገለጸልኝ ነው ባለው ቃል ሰባኪዎቹ ገንዘብም ስንቅም እንዳይዙ፣ ሁለት ኮትም እንዳይኖራቸው ታዘዋል። በመንገድ ላይ አንድ ሰው ኮት ወይም ሙሉ ልብስ ቢሰጣቸው አሮጌውን ለድሃ ሰጥተው መንገዳቸውን በደስታ እንዲቀጥሉ ተነግሯቸዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎም የምእመናኑ ልብስ ጌጥ ያልበዛበትና በራሳቸው እጅ የተሠራ እንዲሆን ታዝዞ ነበር።

ይህ ትእዛዝ በተግባር ምን ይመስል እንደነበር የብሪገም ያንግ ጉዞ ያሳየናል። በኋላ ሕዝቡን እየመራ በ1847 ወደ ሶልት ሌክ ሸለቆ ያስገባው ይህ ሰው በ1839 ወደ እንግሊዝ አገር ለስብከት ሲነሳ በትኩሳት የታመመ ነበር። ካፖርት ስላልነበረው ከቤቱ አልጋ ላይ ያነሳትን ትንሽ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ። ቆቡም ከአሮጌ ሱሪ የተሰፋ ነበር። እንግዲህ ከሃይማኖቱ ታላላቅ መሪዎች አንዱ ለስብከት የወጣው በዚህ አኳኋን ነው። ነጭ ሸሚዝና ከረባት በዚያ ዘመን የትም የሉም።

ልብስ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሲሆን

ሞርሞኖች ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን በይፋ ካወጁበት ከ1852 ወዲህ በአሜሪካ ሕዝብ ዘንድ የነበራቸው ጥላቻ ተባባሰ። በተለይ በደቡብ ግዛቶች የሚዘዋወሩ ሰባኪዎች ሕይወታቸው በቋፍ ላይ ነበር። በ1879 ጆሴፍ ስታንዲንግ የተባለው ሚስዮናዊ በጆርጂያ በሕዝብ መንጋ ተገደለ። ኦገስት 10 ቀን 1884 ደግሞ ፊታቸውን የሸፈኑ ታጣቂዎች ቴነሲ ውስጥ ኬን ክሪክ በተባለ ስፍራ የጸሎት ስብሰባ የሚካሄድበትን ቤት ወርረው ሁለት ሚስዮናውያንንና ሁለት የቤቱን ወጣቶች ገደሉ። ከአጥቂዎቹም አንዱ ሞተ።

የሟቾቹን አስከሬን ማን ያምጣ? ወደዚያ የሚጠጋ ሞርሞን ሁሉ እንደሚገደል ይነገር ነበር። በወቅቱ የደቡብ ግዛቶችን ሚስዮን በተጠባባቂነት ይመራ የነበረው የ27 ዓመቱ ብሪገም ሄንሪ ሮበርትስ ጢሙን ተላጨ፤ የሰባኪ ልብሱን አውልቆ ያደፈና የተቀዳደደ የቀን ሠራተኛ ልብስ ለበሰ፤ ፊቱንም አቆሸሸ። በዚያ መልኩ የተነሳው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ። እንደ ምናምንቴ ሆኖ ገዳዮቹ በሚኖሩበት መንደር አልፎ የሁለቱን ሰባኪዎች አስከሬን አስቆፍሮ አወጣና ለቤተሰቦቻቸው እንዲላክ አደረገ።

ይህ ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል። የሰባኪ ልብስ ለባሹን ያስከብረዋል፤ በጠላቱ ፊት ደግሞ ያጋልጠዋል። ሮበርትስ ልብሱን ሲያወልቅ እምነቱን አላወለቀም። ወንድሞቹን በክብር ለማስቀበር ሲል የክብር ልብሱን ተወ።

የጨዋ ሰው ልብስ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሁኔታው ተለወጠ። በ1890 የቤተ ክርስቲያኗ መሪ ዊልፈርድ ውድረፍ ከአንድ በላይ ጋብቻ እንዲቆም የሚያሳስብ መግለጫ አወጣ። ሞርሞኖች ከአሜሪካ ኅብረተሰብ ጋር ለመታረቅ ቆርጠው ተነሱ። የሚስዮናውያኑም ማንነት ተለወጠ፤ ቤተሰብ ትተው በሚወጡ ጎልማሶች ፋንታ ያላገቡ ወጣቶች እየበዙ ሄዱ።

የዚያ ዘመን ፎቶግራፎች እስከ ጉልበት የሚደርስ «ፕሪንስ አልበርት» የሚባል ጥቁር ኮት የለበሱ፣ ክብ ጠንካራ ባርኔጣ የደፉ፣ አንዳንዴም በእጃቸው ጃንጥላና ቦርሳ የያዙ ወጣቶችን ያሳዩናል። ያ ኮት የሞርሞኖች ፈጠራ አልነበረም። በዘመኑ ጠበቃውም ባለባንኩም የፕሮቴስታንት ሰባኪውም የሚለብሱት ነበር። መልእክቱም ግልጽ ነው፦ «እኛ የምትፈሩን ጉዶች አይደለንም፤ እንደ እናንተው የተከበርን ሰዎች ነን» የሚል።

በኤፕሪል 1898 አይኔዝ ናይትና ጄኒ ብሪምሆል የተባሉ ሁለት ወጣት ሴቶች ያላገቡ ሴት ሚስዮናውያን በመሆን የመጀመሪያዎቹ ሆነው ወደ እንግሊዝ ሲላኩም ይኸው ሐሳብ ነበረበት። በአውሮፓ የሞርሞን ሴት እንደ ባሪያ የተያዘች ምስኪን ተደርጋ ትወራ ነበር። የተማሩና በአለባበሳቸው የተስተካከሉ ሴቶች በአደባባይ ቆመው መናገራቸው ለዚህ ወሬ ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ መልስ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚስዮናውያኑ ልብስ የዓለምን ፋሽን በዝግታ ይከተል ጀመር። ረጅሙ ኮት አጠረና የተለመደው ሙሉ ልብስ ሆነ። ክቡ ባርኔጣ በለስላሳ ባርኔጣ ተተካ። ጢም ቀረ፤ ከ1951 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያኗን የመሩት ዴቪድ መኬይ ከረጅም ዘመን በኋላ ጢም የሌላቸው የመጀመሪያው መሪ ነበሩ። በ1960ዎቹ የምዕራቡ ዓለም ወንዶች ባርኔጣ ማድረግ ሲተዉ የሚስዮናውያኑም ባርኔጣ ቀረ።

ዘመኑ ሄደ፣ ልብሱ ቆመ

ውድ አንባቢ፣ የታሪኩ ዋና መታጠፊያ እዚህ ላይ ነው። በ1950ዎቹ በአንድ የአሜሪካ ከተማ ነጭ ሸሚዝና ከረባት ያደረገ ወጣት ቢሮ የሚገባ ማንኛውም ሠራተኛ ይመስል ነበር። አይ ቢ ኤምን የመሳሰሉ ታላላቅ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸው እንዲሁ ይለብሱ ነበር። ከ1960ዎቹ በኋላ ግን ዓለም ሸሚዙን አቀለመ፤ ከረባቱን ፈታ፤ ጸጉሩንም አስረዘመ። አይ ቢ ኤም እንኳ በ1995 የአለባበስ ደንቡን አላላ። ሚስዮናውያኑ ግን ባሉበት ቆሙ። በመሆኑም ከሰው ጋር ለመመሳሰል የተለበሰው ልብስ ከሰው ሁሉ የሚለይ ምልክት ሆነ። ልብሱ ብዙም ሳይለወጥ ትርጉሙ ተገለበጠ።

ይህ ምልክት ጥቅም አልነበረውም ማለት አይደለም። ዲሲፕሊን ያስተምራል፤ የሃብታሙንና የድሃውን ልጅ ያመሳስላል፤ የ19 ዓመቱን ወጣት ለሁለት ዓመት ከእኩዮቹ ፋሽን ጣጣ ያሳርፈዋል። ነገር ግን ዋጋም ያስከፍላል። በብዙ አገር ነጭ ሸሚዝና ከረባት ያደረገ የውጭ ወጣት የአሜሪካ መንግሥት ሰላይ ተደርጎ ይጠረጠር ነበር። በሜይ 1989 በቦሊቪያ ላ ፓዝ አንድ የታጠቀ ቡድን ሁለት አሜሪካውያን ሚስዮናውያንን ተኩሶ ሲገድል የተቆጠሩት እንደ ሃይማኖት ሰባኪ ሳይሆን እንደ አሜሪካ ወኪል ነው። በ2011 ደግሞ በኒው ዮርክ ብሮድዌይ በሚስዮናውያኑ ላይ የሚቀልድ የሙዚቃ ቴአትር ለመድረክ ሲበቃ ተመልካቹ ማንነታቸውን እንዲለይ ሸሚዙ፣ ከረባቱና ባጁ በቂ ነበሩ።

ሆኖም «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ ልብሱ በየአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ አልኖረም። በሳሞአና በቶንጋ ደሴቶች ወንዶቹ ሚስዮናውያን ሱሪውን ትተው የአገሩን ሽርጥ ከነጭ ሸሚዝና ከረባት ጋር ይለብሳሉ። በዚያ አገር የተከበረ ወንድ በክብር ቦታ የሚቀርበው በሽርጥ ስለሆነ ነው። ይህም ደንቡ ከመጀመሪያውም ለአገር ባህል ቦታ መስጠት ይችል እንደነበረ ያሳያል።

የሴቶቹ ጥያቄና የለውጡ ዓመታት

ከሁሉ የከበደው ሸክም በሴቶቹ ላይ ነበር። በበረዶ አገርም ሆነ በሞቃት ረግረግ፣ በእግርም ሆነ በብስክሌት ሲሄዱ የሚፈቀድላቸው ቀሚስና ጉርድ ብቻ ነበር። በኦክቶበር 2012 ቶማስ ሞንሰን ለአገልግሎት የሚፈቀደው ዕድሜ ለወንዶች ከ19 ወደ 18፣ ለሴቶች ከ21 ወደ 19 ዝቅ ማለቱን ሲያስታውቁ ብዙ ወጣት ሴቶች ተመዘገቡ። በ2012 መጨረሻ 59 ሺህ ያህል የነበሩት ሚስዮናውያን በአንድ ዓመት ውስጥ ከ83 ሺህ በለጡ። የሴቶቹ ቁጥር ሲበዛ ጥያቄያቸውም ከበፊቱ የበለጠ ተሰማ።

ለውጡ የመጣው በእርምጃ ነው። በ2013 ወንዶች ፈካ ያለ ቀለም ያለው ሙሉ ልብስ እንዲለብሱና በዕለት ሥራቸው ኮት ማድረግ ግዴታ እንዳይሆንባቸው ተፈቀደ። በ2016 ዚካን የመሰሉ በትንኝ የሚተላለፉ በሽታዎች ባሉባቸው አገሮች ሴቶች ሱሪ እንዲለብሱ ተፈቀደ። ዲሴምበር 20 ቀን 2018 ይህ ፈቃድ በዓለም ላሉ ሴት ሚስዮናውያን ሁሉ ተዳረሰ። በዚያ ውሳኔ ቀሚስ የተጠበቀው ለቤተ መቅደስ፣ ለእሑድ አምልኮ፣ ለጥምቀትና ለታላላቅ ጉባኤዎች ነበር። ከተጠቀሱት ምክንያቶች ትንኝና ብርድ ይገኙባቸዋል። በጁን 2020 ደግሞ የአካባቢው መሪዎች በፈቀዱባቸው ቦታዎች ወንዶች ሰማያዊ ሸሚዝ እንዲለብሱ፣ ከረባትም እንዲተዉ ተወሰነ። ልብሱ ከየአገሩ ባህል ጋር እንዲስማማና ወጣቶቹ ለሰው እንዲቀርቡ ታስቦ ነው።

ከታሪኩ የሚገኘው ቁም ነገር

ከብርድ ልብስ ወደ ፕሪንስ አልበርት ኮት፣ ከኮቱ ወደ ነጭ ሸሚዝ፣ ከነጭ ሸሚዝ ወደ ሰማያዊ ሸሚዝ የተደረገውን ጉዞ ስናየው የጸናው የትኛው እንደሆነ እንረዳለን። የጸናው ሰባኪው ንጹሕ፣ ጨዋና የሚታመን ሆኖ በሰው ደጅ ይቁም የሚለው ዓላማ ነው። መልኩ ግን የየዘመኑ ነበር። አንድ ትውልድ የዘመኑን መልክ ከዓላማው ጋር አጣብቆ ሲይዘው ቀጣዩ ትውልድ ሁለቱን ለይቶ ማየት ይቸግረዋል። በ1832 ሁለተኛ ኮት የተከለከሉት ሰባኪዎች የመንፈስ ልጆች ከ150 ዓመት በኋላ ወደ ሚስዮን ሲሄዱ ሁለት ሙሉ ልብስ እንዲይዙ ይነገራቸው ነበር። ሁለቱም ትውልዶች ትእዛዝ እንዳከበሩ ያምኑ ነበር።

ስለዚህ ስለ አለባበስ ክርክር ሲነሳ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ነገር ከመነሻው የተደነገገ ነው ወይስ አባቶቻችን ለዘመናቸው የመረጡት? መልሱን ስሜትና ልማድ ብቻቸውን አይሰጡንም፤ የታሪክን መዝገብ መግለጥ ያስፈልጋል። መዝገቡን ያልገለጠ ሰው የአያቱን ኮት የሃይማኖት ሕግ አድርጎ ይሟገትለታል፤ ወይም በተቃራኒው ሕጉን እንደ አሮጌ ኮት ይጥለዋል። በብርድ የምትንቀጠቀጠዋ ወይም በትንኝ የምትነደፈዋ ወጣት ሴት ለጥያቄዋ መልስ እስኪመጣ ብዙ ዓመት የጠበቀችው ይህ ልዩነት ቶሎ ስላልተለየ ነው።