ከሐኪሙ ቆዳ እስከ ትራንዚስተር

ውድ የክፍል ጓደኞቼ፣ የዶርም ትዝታ ከጠበቃችሁ ይቅርታ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት፣ አንዲት እናት ከንፈሩ ያበጠና ትንፋሹ የሚያፏጭ ልጅ ታቅፋ ገባች። ለውዝ እንደማይስማማው ታውቃለች፤ «ብስኩቱ ለውዝ የለውም ብለውኝ ነው» አለች። አድሬናሊን ወጋነው፣ ተረፈ። በኋላ ግን «ዶክተር፣ ታዲያ በምን ልወቅ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

ጥያቄው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ካርል ፕራውስኒትዝ ዓሣ የማይስማማውን የባልደረባውን የሃይንዝ ኩስትነርን ሴረም የገዛ ቆዳው ውስጥ ወጋ። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ የዓሣ ጭማቂ ሲጨምርበት ቆዳው ቀልቶ አበጠ። አለርጂን የሚያስተላልፍ ነገር ደም ውስጥ እንዳለ በዚህ ታወቀ፤ አይጂኢ መሆኑ የተለየው በ1960ዎቹ ነው። ልብ በሉ፣ መለኪያው የሰው ገላ ነበር። ዛሬም የቆዳ ምርመራችን ስለ ታማሚው እንጂ ስለ ሳህኑ አይነግረንም።

ሳህኑን የመመርመሩ ተስፋ ከሌላ ሙያ መጣ። ትራንዚስተር በ1947 ተሠራ። በ1970 ሆላንዳዊው ፒት ቤርግቬልድ ከትራንዚስተሩ ላይ የብረቱን በር አንስቶ ፈሳሽ እንዲነካው አደረገ፤ በፈሳሹ ውስጥ ያሉት አዮኖች የኤሌክትሪኩን ፍሰት ሲለውጡ ለካ። የዛሬ ተመራማሪዎች እዚያ ቦታ ላይ የለውዝ ፕሮቲን የሚይዝ አንቲቦዲ ይለጥፋሉ። ፕሮቲኑ ሲያዝ የተሸከመው ቻርጅ ፍሰቱን ይለውጠዋል፤ ለውዝ መኖሩ በዚህ ይታወቃል።

ታዲያ ለምን እስካሁን የእያንዳንዱ እናት ቦርሳ ውስጥ አልገባም? አንዱ እንቅፋት ጨው ነው። እንደ ደማችን ጨዋማ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ የፕሮቲኑ ቻርጅ 1 ናኖሜትር እንኳ ሳይርቅ በአዮኖች ይሸፈናል፤ አንቲቦዲው ግን ራሱ ወደ 10 ናኖሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ናሙናውን ያቀጥኑታል፣ ወይም አፕታመር የሚባል አጭር መያዣ ይጠቀማሉ። ሌላው ደግሞ ብስኩቱ ራሱ ነው፦ አንዱ ጥጉ ንጹሕ ሆኖ ሌላው ለውዝ ሊኖረው ይችላል።

ያቺ እናት ዛሬ ብትጠይቀኝ «እየመጣ ነው፣ ግን አትዘናጊ» እላታለሁ። እስከዚያው ያለን ያው አስተማሪዎቻችን ያስለመዱን ነው፦ «ምን በላ? መቼ በላ?» ብሎ መጠየቅ፣ አድሬናሊኑንም ሳይዘገዩ ጭኑ ላይ መውጋት።