የጀጎል ግድግዳዎችና ቀለማቸው

የሐረር ጀጎል ዛሬ ከሩቅም ከቅርብም የሚለየው በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ፣ በሮዝና በቢጫ ግድግዳዎቹ ነው። ግንቡን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ካሠሩት በኋላ ግን ከተማዪቱ ለረጅም ጊዜ መልኳ የድንጋይና የአፈር ነበር። በ1847 ዓ.ም. ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ከተማዪቱ ከሩቅ ስትታይ ጠቆር ያለች፣ በኖራ ከነጡት የምሥራቅ ከተሞች የተለየች እንደነበረች ጽፏል።

በዚያ ዘመን የቤቱ ውበት ያለው ከውስጥ ነበር። «ጌ ጋር» የሚባለው የሐረሪ ቤት ከድንጋይና ከጭቃ ይገነባል፤ ወደ መንገድ የሚያሳየው ግድግዳ እንጂ ጌጥ አይደለም። ከደጁ ወደ ውስጥ የገባ ሰው በአንጻሩ ከፍታቸው የሚለያይ መደቦች፣ በግድግዳው ውስጥ የተበጁ መስኮት መሰል ማስቀመጫዎች፣ የተሰቀሉ ሰፌዶችና ሳህኖች ያያል። መደቡና ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባል። ቀዩ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን የሐረር ሰዎች ደም ለማስታወስ እንደሆነ በከተማዋ ይነገራል።

ያ ጦርነት ሐረርን በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር አስገባ። ከዚያ በፊት ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ግብፆች ከተማዪቱን ይዘው ነበር። በጨለንቆ ማግሥት ደግሞ የሕንድ ነጋዴዎች መጥተው ሰገነትና በረንዳ ያላቸው የእንጨት ሥራ የበዛባቸው ቤቶች ሠሩ። ጀርባውን ለመንገድ ይሰጥ ከነበረው ነባር ቤት ጎን ፊቱን ወደ መንገድ ያዞረ ቤት ቆመ። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ የውጭ ሸቀጥ ወደ አካባቢው የሚገባበት መንገድ አጠረ። ከጊዜ በኋላ ቀለሙ ከቤት ውስጥ ወጥቶ የመተላለፊያውን ግድግዳ ያዘ።

የውጭው ቀለም መሠረት ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ በውኃ ይበርዳል፤ እንደ ወተት እስኪቀጥን ተበጥብጦ የዱቄት ቀለም ይጨመርበታል። ኖራው ራሱ ነጭ በመሆኑ የገባበትን ቀለም ያፈዛል፤ ሰማያዊው የሰማይ፣ ቀዩ ወደ ሮዝ የሚሄደው ለዚህ ነው። ቅቡ ከአየሩ ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል፤ ያም ሆኖ ዝናብና መታከክ ያነሣዋል። ስለዚህ ቤቱ በየጊዜው ይታደሳል፤ በተለይ ከረመዳን በፊት ግድግዳ መቀባት የቆየ ልማድ ነው። ቀለሙ ጥቅምም አለው። መተላለፊያዎቹ ጠባብ በመሆናቸው ፀሐይ የምትደርሳቸው ለአጭር ጊዜ ነው፤ በኖራ የነጣ ግድግዳ ያችን ብርሃን ወደ ታች ይመልሳል። የልብስ ሰፊዎች መንገድ የሆነው መኪና ግርግር ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ በዚያ የተንጠለጠለው ጨርቅና ከኋላው ያለው ግድግዳ ቀለም ይፎካከራሉ።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ የቀለሙ ጉዳይ የጥበቃ ጉዳይም ሆኗል። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ያስገባል፣ መልሶም ማስወጣት አለበት። ኖራ ይህን አይከለክለውም። የፋብሪካ የዘይትና የፕላስቲክ ቀለም ግን ደምቆ ይቆያል፤ ውኃውን ከውስጥ ያምቀዋል፤ ኋላም ልስኑን ይዞ በትልቁ ይገነጠላል። በኖራ የኖረ ግድግዳ ሲፋቅ የሚታየው ሌላ ነው፦ ከሮዙ ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ነጭ፣ ከሁሉም በታች በርተን ያየው የአፈር መልክ።